«ይሠራል እኮ»

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ይህ በእጄ የያዝኩት ሶኬት ከአንድ አሮጌ ቤት ግድግዳ ላይ የነቀልኩት ነው። ከፊት ሲያዩት ምንም አይልም። ትንሽ ወይቧል፣ በቃ። ከኋላ ግን እዩት። አንደኛው ብሎን ጋ ፕላስቲኩ ጠቁሯል፣ ቀልጦም ተጨማድዷል። የሽቦውን ልባስ ስነካው እንደ ደረቅ ቅጠል ፍርፍር አለ። የቤቱ ሰዎች እስከዚያች ዕለት ድረስ ካውያ ይሰኩበት ነበር። «ይሠራል እኮ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ይሠራ ነበር። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ብዙ ሰው «ችግር ካለ ብሬከሩ ይወርዳል» ብሎ ተማምኖ ይተኛል። ተራው ብሬከር የሚወርደው ግን ከረንት ከልክ ሲያልፍ ወይም ሾርት ሲፈጠር ነው። እዚህ ሶኬት ላይ እንዳለው ያለ የላላ ሽቦ ግን መገናኛውን ያሞቃል እንጂ ከረንት አይጨምርም። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 10 አምፔር የሚስብ ዕቃ ሰካችሁ እንበል። ብሎኑ ላልቶ መገናኛው ላይ የግማሽ ኦም ሬዚስታንስ፣ ማለትም ከረንቱን የሚያውክ እንቅፋት፣ ተፈጥሯል። ሙቀቱ የሚገኘው ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በሬዚስታንሱ ሲባዛ ነው። 10 በ10 ሲባዛ 100፣ እሱ በግማሽ ሲባዛ 50። 50 ዋት ሙቀት፣ ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ፣ ያውም ግድግዳ ውስጥ! ብሬከሩ የሚያየው ያንኑ 10 አምፔር ነው። ስለዚህ ዝም ይላል።

እንግዲህ እሱ ዝም ካለ በእጃችሁ፣ በአፍንጫችሁና በጆሯችሁ ማወቅ አለባችሁ። ካውያ ወይም ማሞቂያ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ሶኬቱ ሽፋን አስጠጉ። ለብ ማለቱ ብዙም አያስደነግጥም። እጅ የሚያሸሽ ከሆነ ግን አትለፉት። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ጭርጭር የሚል ድምፅ፣ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቡናማ ምልክት ካለም እንደዚያው ነው። ብሬከሩን አውርዳችሁ ባለሙያ ጥሩ።

ፕላጉ እየተንሸራተተ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ውስጥ ያለው መያዣ ብረት ለቋል። ጠምዘዝ አድርገን ወይም ወረቀት ወትፈን የምናሠራው ነገር አለ አይደል? እባካችሁ፣ እሱን ተዉት። ሶኬቱ ይቀየር።

አሁን ወደ ኤርዝ፣ ማለትም ያፈተለከ ከረንትን ወደ መሬት ወደሚወስደው ሽቦ ልምጣ፣ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። ብዙ የድሮ ቤቶች የኤርዝ መስመር የላቸውም። አንዳንዱ አሮጌውን ሶኬት ነቅሎ ኤርዝ ያለው አዲስ ይገጥማል። ከኋላው የሚገባ የኤርዝ ሽቦ ከሌለ ሶኬቱ ላይ ያለው የኤርዝ ብረት ጌጥ ነው። እንዲያውም ከበፊቱ ይብሳል። በፊት እንደሌለ ታውቁ ነበር፣ አሁን ግን ያለ ይመስላችኋል። የልብስ ማጠቢያው አካል ከረንት የያዘ ቀን፣ ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ የነካው ሰው ይሆናል።

መስመሩ በሙሉ እስኪቀየር፣ ከረንት ሲያፈተልክ የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊአምፔር መቁረጫ አስገጥሙ። የሄደውን ከረንትና የተመለሰውን እያነጻጸረ ስለሚሠራ ኤርዝ በሌለበትም ይቆርጣል። ኤርዝን አይተካም፣ ግን ነፍስ ያተርፋል። የላላ ብሎን ግን እሱም አያይም።

ሶኬቱን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ስትወጡ አንሡትና ገልብጣችሁ እዩት። ጥያቄ ያላችሁም እዚያው አገኛችኋለሁ።