ሱሪ የታጠቁት፣ ቀሚስ የለበሱትና መዝገቡ

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፤ ሰላም ለናንተ ይሁን። እንኳን በደህና መጣችሁ።

ወንድ መስለው ስለዘመቱ ሴቶች እንዳወራ ነው የተጠራሁት። ጨዋታው የሚነሳው ከሩቅ አገር ነው። አብሽሩ፣ ወሎ እንገባለን።

እ.ኤ.አ. በ1782 አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር ስትዋጋ፣ ዲቦራ ሳምሰን የምትባል የማሳቹሴትስ ልጅ ነበረች። ያደገችው ሰው ቤት እያገለገለች ነው። የወንድ ልብስ ለበሰች፣ ደረቷን በጨርቅ ጥፍር አድርጋ አሰረች፣ «ሮበርት ሸርትሊፍ» ብላ ተመዘገበች። ጢም የሌላት መሆኑ ማንንም አላስገረመም። ጢም ያላወጣ ጎረምሳ በሠራዊቱ ሞልቷል።

ኒው ዮርክ አካባቢ በተደረገ ግጭት ጭንቅላቷም ጭኗም ቆሰለ። ታሪኳን የጻፉት እንደሚሉት፣ ለሐኪሙ የጭንቅላቷን ብቻ አሳየችው። የጭኗን ብታሳይ ሱሪ ማውለቅ ሊመጣ ነዋ! ዘወር አለችና በሰንጢና በመርፌ አንዱን ጥይት ከገዛ ሥጋዋ አወጣችው። ሌላው ጥይት ግን ጠልቆ ስለነበር አልደረሰችበትም። እንዲሁ ይዛው ኖረች። ማደንዘዣ የለ፣ አይዞሽ የሚል የለ። እኔ እሾህ ሲወጋኝ ሰፈር ይሰማል።

የተነቃባት በዓመቱ ነው፤ ፊላደልፊያ ላይ ንዳድ ጥሏት ራሷን ስታ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር። ምስጢሯን ይዞ፣ ቤቱ ወስዶ አስታመማት። ከዚያም በክብር ተሰናበተች።

ሩሲያዊቷ ናዴዥዳ ዱሮቫ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1806 ልብሷን ወንዝ ዳር ጥላ ጠፋች። ሰምጣ ሞተች እንዲሏት ነው። እሷ ግን ፈረሷ ላይ ወጥታ ፈረሰኛ ጦር ገብታለች። ወሬው ንጉሡ ዘንድ ሲደርስ ቀዳማዊ አሌክሳንደር አስጠራት። አልተቆጣም። መኮንን አድርጎ ሾማት፣ በስሙም «አሌክሳንድሮቭ» እንድትባል ፈቀደ።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ብዙ ተረከኛ «ፍቅረኛዋን ፍለጋ ነው» ይላል። ለእኔ ይሄ ሴትን ካለ ወንድ ማሰብ ያቃተው ሰው ወሬ ነው። ዱሮቫ ባሏን ትታ ነው የሄደችው። ለድሃ ልጅ ደግሞ የወታደር ደሞዝ ደሞዝ ነው።

እኛ ጋ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። በ1888 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለአድዋ የሚዘምተው ሠራዊት የከተተው እዚሁ ወሎ፣ ወረ ኢሉ ነበር። ያ ጦር ሚስቱን፣ እህቱን፣ ወፍጮውን፣ ማድጋውን ይዞ የሚጓዝ ከተማ ነው። በሶ የምትበጠብጠው፣ ጠጅ የምትጥለው፣ ቁስለኛ የምታነሳው ሴት ናት። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራ ጦር ይዘው ዘምተዋል። መቀሌ ላይም የጠላት ውሃ ተይዞ ምሽጉ እንዲለቀቅ ያደረገው ምክር የእሳቸው ነው።

ከዚያ በፊትም ቢሆን የወሎ ሴት ጦር መምራት ብርቋ አልነበረም። የራስ አሊ እናት፣ እቴጌ መነን ሊበን አመዴ፣ የኛው የወሎ ሰው ናቸው። በ1839 ዓ.ም.፣ በኋላ ቴዎድሮስ የሆነውን ካሳን ራሳቸው ገጠሙት። ተሸንፈው ተማረኩ፤ ልጃቸው ተደራድሮ አስለቀቃቸው። የወሎ ገዥ የነበሩት ወይዘሮ ወርቂትም አሉ። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ እጃቸው ሲገባ፣ የገዛ ልጃቸው ቴዎድሮስ እጅ መቅደላ ላይ ታስሮ ነበር። ምኒልክን አሳልፈው ቢሰጡ ልጃቸውን ሊያተርፉ ይችሉ ነበር። አልሰጡም። ወደ ሸዋ ሸኙት። ቴዎድሮስ ልጃቸውን ገደለው። እስቲ ይህን ውሳኔ የምታሳድር አንዲት ሌሊት አስቡት።

እንግዲህ አንዳቸውም ሱሪ ውስጥ አልተደበቁም። እዚህ ጋ ሲደርስ ብዙ ተናጋሪ ደረቱን ይነፋል፤ «የኛ ሴቶች መደበቅ አላስፈለጋቸውም!» ይልና ጭብጨባውን ይዞ ይወርዳል። እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል።

ዲቦራ ሳምሰን ከጦርነቱ በኋላ «ደሞዜ ይከፈለኝ» ብላ አመለከተች። እ.ኤ.አ. በ1792 ተከፈላት፤ በ1805 ጡረታ ተቆረጠላት። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ፍራንክሊን ቶምሰን ተብላ የተዋጋችው ሳራ ኤድመንድስም እንዲሁ። የጦር ጓዶቿ መሰከሩላትና እ.ኤ.አ. በ1884 በወር 12 ዶላር ተፈቀደላት። ለምን ተቻለ? መዝገብ ስለነበር። ስሙ የውሸት ነው፤ ግን ተጽፏል።

ከወረ ኢሉ ወፍጮ ተሸክማ አድዋ የደረሰችውስ? በእውነተኛ ስሟ ሄደች፤ የጻፋት የለም። የመነንን፣ የወርቂትን ስም የምናውቀው የባላባት ልጆች ስለሆኑ ነው። በአምስቱ ዓመትም ያው ነው። ወይዘሮ ከበደች ሥዩምን እናውቃለን፤ ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ሲገደሉ አርበኛ እየመሩ በረሃ የገቡ ጀግና ናቸው። ግን የራስ ሥዩም ልጅ ናቸው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ይቺ ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ ቁስለኛ ያነሱት ሴቶችስ? «የእገሌ ሚስት» እንኳ ተብለው የገቡበት ወረቀት የታለ?

ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው። በሩ ጋ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ደብተር አለ። አያትህ፣ ቅድመ አያትሽ ዘምታ ከነበረ ስሟን ከነአባቷ ጻፉ። የማን ሚስት እንደነበረች ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ከየት ቀበሌ ተነሳች፣ የትኛው ዘመቻ፣ ምን ይዛ ሄደች፣ ተመለሰች ወይስ ቀረች? ከማን እንደሰማችሁም ጻፉልኝ። ያልሰማችሁትን በግምት አትሙሉ፤ ቦታውን ክፍት ተዉት። ጀግና ካላደረግናት ብላችሁም አትጨነቁ። እንጀራ ጋግራ ከሆነ እንጀራ ጋገረች ይባል።

መጻፍ የማትችሉ እናቶች፣ ተማሪዎቹ አጠገባችሁ ተቀምጠው ይጽፉላችኋል። ቡናው አሁን ተጥዷል፤ እስኪፈላ እየተሰለፋችሁ።