ኪቦርዱ ይመረቅ፤ ጉባኤውም ይዘምር
(በአዲስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ምረቃ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተወደዳችሁ ቅዱሳን፣ መጋቢያችን፣ ሽማግሌዎች፣ የኳየር ልጆቻችን፤ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

እዚህ የቆምኩት ስለዚህ ኪቦርድና ስለ ድምፅ ማጉያዎቹ ሞንታርቦዎች ምስጋና እንዳቀርብ ተጠይቄ ነው። ያዋጣችሁ ሁሉ ጌታ ይባርካችሁ። ከአሜሪካ የላካችሁልንም አልተረሳችሁም። ምስጋናው ይኸው ነው። በቀረችኝ ደቂቃ ሆዴ ውስጥ የቆየውን ላውጣ።

መሣሪያ ኃጢአት ነው ልል አይደለም። መዝሙር 150ን ያነበበ ሰው እንዲህ አይልም። መለከቱ፣ በገናው፣ መሰንቆው፣ ከበሮው፣ ጸናጽሉ ሁሉም አለ። «ኪቦርድ ግን አልተጻፈም» የሚለኝ ካለ፣ ማይክም አልተጻፈም፤ ይኸው ይዤዋለሁ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ባለፈው እሁድ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የዘመረው ማነው?

አጠገቤ አንዲት እናት ቆመው ነበር። መዝሙሩ የድሮ ነው፣ ከኔ በላይ ያውቁታል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ጆሮዬን ጠጋ ባደርግ ምንም የለም። ቤዙ ደረቴን ይደልቀኛል፣ የእሳቸው ድምፅ ግን ክንድ ሳይርቀኝ ጠፋ። ትንሽ ቆዩና ተዉት። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ወደ ኋላ ዞር ስል ግማሹ ሰው ቆሞ ያያል፤ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ይሄ ጉባኤ ነው ወይስ ተመልካች?

ደርግ ጊዜ እንዴት እንደዘመርን የምታስታውሱ እዚህ አላችሁ። ልጆች፣ ይሄን ወሬ እንደሰለቻችሁ አውቃለሁ፤ ዛሬን ቻሉን። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ እንሰቅላለን። አንዷ እህት ደጅ ላይ ቡና ትወቅጣለች፤ የቀበሌ ሰው ብቅ ካለ ሙቀጫው ዝም ይላል፣ እኛም ዝም እንላለን። ሬዲዮኑ ይከፈታል፣ እኛ ከሬዲዮኑ ሥር እንዘምራለን። በሹክሹክታ! ግጥሙ የጠፋበት ሰው የጎረቤቱን ከንፈር አይቶ ይከተላል። ደብተር አንይዝም፤ ከተገኘ ማስረጃ ነው። መዝሙር ከአፍ ወደ ጆሮ ነበር የሚሄደው። ጊታር ነበረችን፤ በአንሶላ ተጠቅልላ አልጋ ሥር ተኝታለች። ማን ደፍሮ ይነካታል? አንድ ወንድማችን ወፍራሙን ድምፅ በአፍንጫው ያንጎራጉርልን ነበር። ቤዝ ጊታራችን እሱ ነበር። እንባ የማይወርደው ሰው አልነበረም።

የመሠረተ ክርስቶስ ወንድሞቻችንንም አስቡ። በጥር 1974 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው ተዘጋ፣ ንብረታቸው ተወረሰ፣ መሪዎቻቸው ታሰሩ። ያኔ አባላቱ 5,000 ገደማ ነበሩ። ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየሰው ቤት ተሰበሰቡ። ደርግ ወድቆ በራቸው ሲከፈት ከ34,000 በላይ ሆነው ወጡ። መድረክ የላቸው፣ ሞንታርቦ የላቸው!

ያኔ ሬዲዮ የምንከፍተው የቀበሌ ሰው እንዳይሰማን ነበር። ዛሬ ማን እንዳይሰማን ነው ይሄን ሁሉ የምንከፍተው? ደርግ አፋችንን ሊዘጋ አሥራ ሰባት ዓመት ለፍቶ አቃተው። እኛ በገዛ መዋጯችን ዘጋነው! አሜን በሉ እንጂ። ለኪቦርዱ ሲሆን ታጨበጭባላችሁ።

የኳየር ልጆች፣ አትቀየሙኝ። ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። ድምፁን ቀንሱ ስንላችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ፤ ችግሩ ሳንላችሁ ወራት እናልፋለን። ደግሞም አንዳንዱ ወጣት «ድምፁ ካልከበደ መንፈሱ አይመጣም» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከየት የመጣ ትምህርት ነው? ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች «በመዝሙርና በዝማሬ በመንፈሳዊም ቅኔ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ» ነው ያለው። የጎረቤቴ ድምፅ ካልተሰማኝ ከማን ጋር ልነጋገር?

በሌላ ጫፍ የሄዱም አሉ። በስዊዘርላንድ የዙሪኩ የተሐድሶ መሪ ዝዊንግሊ ራሱ ብዙ መሣሪያ የሚጫወት ሰው ነበር፤ በእሱ ዘመን ግን የዙሪክ አብያተ ክርስቲያናት ኦርጋን በ1527 እ.ኤ.አ. ፈርሶ ወጣ። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። ይልቅ ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችንን እዩ። በዐቢይ ጾም ከበሮውና ጸናጽሉ ይቀመጣል፤ ሊቃውንቱ መቋሚያ ይዘው በድምፃቸው ይዘምራሉ። ከበሮውን ጠልተውት አይደለም። ፋሲካ ሲደርስ ይመለስላቸዋል።

ለሽማግሌዎች የማቀርበው ይሄን ነው። በወር አንድ እሁድ መሣሪያው ይጥፋ። ማይክ ለአንድ አስጀማሪ ብቻ ይሰጥ። በሌላው እሁድ ደግሞ ሚክሰሩ ላይ የሚቀመጠው ልጅ በየመዝሙሩ መሐል ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ኋላ ወንበር ይሂድና የሰዉ ድምፅ መሰማቱን ያጣራ። ካልተሰማ ይቀንስ። ስለ መብራትና ስለ ጭስ ማሽኑም የምለው ነበረኝ፤ ሰዓቱ ሄደ፣ ይቅር።

መልሱን በሚቀጥለው የሽማግሌዎች ስብሰባ እጠብቃለሁ። አሁን መጋቢ ይምጡና መሣሪያዎቹን ይባርኩልን። ከዚያ በኋላ ያለውን መዝሙር ግን መሣሪያውን ሳትከፍቱ እንዘምረው፤ አስጀማሪው እኔ ነኝ።