ያልኩት ይጻፍልኝ

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በሴቶች ማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶቼና እህቶቼ፣ አብራችሁን የመጣችሁ ወንድሞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ኮሚቴው ስለ ጤና እንድናገር ሲጋብዘኝ፣ እንደ ወጉ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር፣ ስለ ጨውና ስለ እግር ጉዞ እንዳነሣ ጠብቆ ይሆናል። ይህን ከእኔ በተሻለ የሚያስረዱ ሐኪሞች በመካከላችን ተቀምጠዋል። የእኔ ሙያ የሕክምና አስተርጓሚነት ነው፤ ሥራዬም የታማሚን ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ ለሐኪሙ ማድረስ ነው። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው፣ በትክክል ተነግሮ እያለ ሰሚ ስላጣ ቃል ነው። የምጀምረውም ብዙ ሰው እንደ ቀላል ነገር ከሚያየው፣ ከጸጉር ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስበን ቡና የምንጠጣ ጓደኛሞች መሆናችንን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ከመካከላችን አንዷ ጫፍ ጫፉን ልቆረጥ ብላ በሥራ ቦታዋ አቅራቢያ ወዳለ ጸጉር ቤት ሄደች። ታሪኩን የምናገረው በፈቃዷ ነው። ጸጉሯ ጥቅጥቅ ያለና ጥምዝምዝ ነው፤ ሲረጥብ እስከ ጀርባዋ ይወርዳል፣ ሲደርቅ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ይህን ለጸጉር ሠሪዋ አስረድታ፣ በሁለት ጣቶቿ መካከል የጥፍር ያህል ክፍተት እያሳየች፣ «ከዚህ አይለፍ፤ ሲደርቅ ያጥራልና በደረቁ ቁረጪልኝ» አለቻት። ጸጉር ሠሪዋ «አውቃለሁ» ብላ አጠበችው። ከዚያም በቀጭን ማበጠሪያ ከሥሩ እየጎተተች፣ ሁለት የማበጠሪያ ጥርስ ጸጉሯ ውስጥ እስኪቀር ድረስ አበጥራ፣ ወደ ታች አስተኝታ እንደ ሉጫ ጸጉር በአንድ መስመር ቆረጠችው። ጓደኛችን ካስክ ገብታ ስትወጣ ከትከሻዋ በታች የነበረው ጸጉር ከጆሮዋ በላይ ወጥቶ፣ የቀኙ ከግራው ረዝሞ ጠበቃት። ምነው ብላ ብትጠይቅ፣ «ጸጉርሽ አስቸጋሪ ነው፤ ብትተኮሺው እኩል ይሆናል» የሚል መልስ ተሰጣት። ብዙ ጊዜ ወስዷል ተብሎም ጭማሪ ሂሳብ ተጠየቀች። እሷም ከፈለች፤ ጉርሻም አክላ፣ አመስግና ወጣች።

አመስግና መውጣቷን ያዙልኝ።

የዚያን እሑድ ከአቦል እስከ በረካ ሌላ ወሬ አልነበረንም። እያንዳንዳችን የየራሳችንን አወጣን፤ አንዷ የሠርጓ ዕለት ስለ ተቃጠለባት ግንባር፣ ሌላዋ «እኛ የእናንተን ዓይነት ጸጉር አንሠራም» ተብላ ከበር ስለ መመለሷ። ጸጉር ውሃ ሲያገኝ እንደሚለጠጥ፣ ሲደርቅም ወደ ጥምዝምዙ እንደሚመለስ ማወቅ ረቂቅ ሳይንስ አይደለም። የአናቱ ጥምዝ ከማጅራቱ ይለያል፤ ስለዚህ ቆራጩ ጸጉሩ በራሱ አወዳደቅ ደርቆ እያለ፣ ዘለላ በዘለላ እያየ ይቆርጣል። ይህን ያልተማረ ሰው ፈቃድ ተሰጥቶት መቀስ መያዙ የእኛ ጸጉር ችግር አይደለም፤ የትምህርቱ ጉድለት ነው። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ የጸጉር ሙያ ተማሪዎች ሁሉንም ዓይነት ጸጉር መሥራት እንዲማሩ ማስገደዷም ከዚህ የተነሣ ነው።

ነገሩ በጸጉር ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልቆምኩ። ጓደኛችን ነጠላዋን ስታወርድ ከአጠገቧ የነበረችው መሃል አናቷን አየች። ጸጉሩ ሳስቶ ቆዳዋ ይታያል። ይህ የመቀስ ሥራ አይደለም ስንላት፣ «እሱንማ ለሐኪሜ ከነገርኩት ቆይቷል» አለችን። የነገረችውንም ዘረዘረችልን፤ ጸጉሯ በእፍኝ ይረግፋል፤ የወር አበባዋ እጅግ ይበዛል፣ በሌሊት እየተነሣች አንሶላ ትቀይራለች፤ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ በረዶ ካልበላሁ የሚል አምሮት ይዟታል። ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ ሁለት ሥራ መሥራቷን ሰማና ጭንቀት ነው አላት። ውሃ ጠጪ፣ ክብደት ቀንሺ፣ እንቅልፍሽን አስተካክዪ አላት። ተመልሳ ስትሄድም መልሱ ያው ነበር። የደም ምርመራ ብትጠይቅ «አያስፈልግሽም» ተባለች። እዚያም አመስግና ወጣች።

በጓደኞቿ ግፊት ሌላ ክሊኒክ ስትሄድ አንዲት ነርስ ከላይ እስከ ታች አዳመጠቻትና በዚያው ቀን ደም አስወሰደቻት። ሄሞግሎቢኗ እጅግ ወርዶ፣ ፌሪቲን የሚባለው የብረት ክምችት ተሟጥጦ ተገኘ። አልትራሳውንድ ስትነሣ ማሕፀኗ ውስጥ እኛ ማዮማ የምንላቸው፣ እዚህ ፋይብሮይድ የሚባሉት ዕጢዎች ታዩ። ደሟን የጨረሱት እነሱ ነበሩ። የበረዶ አምሮቱ እንኳ የብረት እጥረት የታወቀ ምልክት ነው። አናቷ ላይ የሳሳው ጸጉር፣ ሌሎቹም ምልክቶች ሁሉ፣ አንድ ነገር ይናገሩ ነበር፤ እሷም አንድ በአንድ ተናግራለች። ከእሷ ወገን የቀረ ነገር አልነበረም።

እህቶቼ፣ ይህ የተፈጸመው የት እንደሆነ አስቡት። በዚሁ በዋሽንግተን አካባቢ ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ፤ ሃምሳ ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ፋይብሮይድ የሚይዛቸው ጥቁር ሴቶች ከ80 በመቶ እንደሚበልጡ፣ ነጭ ሴቶችም ወደ 70 በመቶ እንደሚደርሱ የገመተው ይኸው ጥናት ነው። ይህ ማስረጃ በተገኘበት ከተማ፣ አንዲት ጥቁር ሴት ደሜ ይበዛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል ብላ ስትመጣ ስለ ማሕፀኗ የሚጠይቃት ይጥፋ?

ሐኪሙ ሥራ በዝቶበት ነው የሚሉ አሉ። የሥራውን ብዛት በየቀኑ አያለሁ፤ አልክደውም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነጭ የሕክምና ተማሪዎችንና በልምምድ ላይ ያሉ ሐኪሞችን ጠይቀው፣ ግማሽ ያህሉ «የጥቁር ሰው ቆዳ ወፍራም ነው» ከመሳሰሉት የሐሰት እምነቶች ቢያንስ አንዱን እንደሚቀበሉ አግኝተዋል። እንዲህ የሚያምኑትም የጥቁር ታማሚን ሕመም አሳንሰው ገምተዋል። ይህን የሥራ ብዛት አላመጣውም። የቴኒስ ሻምፒዮኗ ሴሬና ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2017 በወለደች ማግስት ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ከዚያ በፊት ደም ረግቶባት ያውቃልና፣ ሲቲ ስካን እንዲነሣላትና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እንዲሰጣት ጠየቀች። ነርሷ ማስታገሻው አደናግሯት ይሆናል ብላ አሰበች። እሷ ግን ካልተነሣሁ አለች፤ ሲታይ ሳንባዋ ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። ዓለም በሙሉ የሚያውቃት፣ ስለ ገዛ ሰውነቷ ከማንም በላይ የምታውቅ ሴት እንዲህ ከሆነች፣ የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የምታስረዳው እህታችን ማን ይሰማታል? በዚህ አገር በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የጥቁር ሴቶች የሞት መጠን ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ የሚቀጥለው እስከ መቼ ነው? እኛስ እስከ መቼ አመስግነን እንወጣለን?

የውጪውን ሰው ብቻ ወቅሼ አላልፍም። አገር ቤት ሆዳችንን ባመመን ቁጥር «ጨጓራ ነው» ተብለን አድገናል። በወር አበባ ሕመም የምትንከባለል ልጅ «ስትወልጂ ይተውሻል» ተብላ ትምህርቷን እያቋረጠች ኖራለች። የእኛው ሰዎች ጸጉር ቤት ገብታ ያልተተኮሰ ጸጉሯን የምታሠራ ሴት «ለምን ፒያስትራ አትደረጊም?» ሳትባል አትወጣም፤ ሕፃናት ሴት ልጆቻችንም ይህን ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ከርዳዳ ተብላ ያደገች ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ይህ አይሆንም ለማለት ድፍረቱን ከየት ታምጣው? ሐኪም ማክበር ጥሩ ነው፣ ይሉኝታም የአስተዳደጋችን ነው፤ ይሁን እንጂ ይሉኝታ ደማችን እስኪያልቅ ድረስ ዝም የሚያሰኘን ከሆነ እኔ በበኩሌ አልቀበለውም።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። የጠየቃችሁት ምርመራ አያስፈልግም ከተባላችሁ፣ ድምፃችሁን ሳታሰሙ አትውጡ። «ምርመራውን እንደጠየቅሁና እንደተከለከልኩ፣ ምክንያቱም ጭምር፣ ፋይሌ ላይ ይጻፍልኝ» በሉ። ይህ ጠብ አይደለም። ሐኪሙ ምክንያቱን ሊጽፍ ሲነሣ መጀመሪያ ለራሱ ማሰብ ይኖርበታል፤ እኔም በሥራዬ ላይ ሆኜ ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ ጣቶች ከኪቦርዱ ላይ ሲነሡ፣ ዓይኖችም ወደ ታማሚዋ ሲመለሱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የተጻፈውንም አንብቡት፤ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ የፌዴራሉ ሕግ ሐኪም የጻፈው ማስታወሻ ለታማሚው በኢንተርኔት ክፍት እንዲሆን ያዝዛል። እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ አስተርጉሙት።

ልጆቻችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ እናቱ ማሕፀን ሊናገር አይገባውም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ዋሽንግተን ዲሲም እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ ያገለግላሉ። ስለ ጸጉርም ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣችው ሕግ በተፈጥሮ ጸጉራችንና በሹሩባችን ምክንያት በሥራ ቦታ አድልዎ እንዳይደረግብን ከልክሏል።

በመጨረሻ አንድ የሥራ ጉዳይ አለኝ። ጓደኞቼና እኔ፣ ብቻዋን ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚከብዳትን ሴት ለማጀብ ተስማምተናል። አብረናት እንገባለን፣ የተባለውን እንጽፋለን፣ የረሳችውን እናስታውሳታለን። መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንደኛው ወረቀት አጃቢ ለምትፈልግ፣ ሌላው ለማጀብ ለምትችል ነው፤ መኪና ያላችሁ፣ የረቡዕና የሐሙስ ጠዋት ክፍት የሆነላችሁ በተለይ እንፈልጋችኋለን። ጥምዝምዝ ጸጉር በደረቁ መቁረጥ የሚያውቁ ባለሙያዎች የምታውቁም የሥራ አድራሻቸውን በዚያው ጻፉልን። ትልልቆቹ እናቶቻችን ቅድሚያ ስለሚያገኙ፣ ዛሬ ያልመጡትን ስም ከእነ ስልካቸው አስመዝግቡ፤ ከሰኞ ጀምሮ እየደወልን ቀጠሯቸውን እንጠይቃለን።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።