መጀመሪያ ውስጡን አጠንክሩ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተመራቂዎች፣ ወላጆች፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ሜካኒክነት ሥልጠና ጥቅም እንድናገር ነው። እሱን ታውቁታላችሁ። እኔ ግን እዚህ ገላን ጋራዥ የከፈትን ሁሉ የምናውቀውን፣ ፊት ለፊት ግን የማናወራውን ልናገር።

ደንበኛ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ቱርቦ አልባ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር ይዞ ይመጣል። «ዳገት ላይ ይደክምብኛል፣ ቱርቦ ግጠምልኝ» ይላል። እውነቱን ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ስስ ነው፤ አየር በግፊት የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበት ያጣል። አንዳንዱ ጋራዥ ታዲያ ቱርቦውን ይገጥማል፣ ናፍጣውን ይጨምርበታል፣ ብሩን ይቀበላል። የሞተሩን ውስጥ ያየ የለም።

እንዲህ የተሠራ አንድ መኪና ተጎትቶ እኛ ጋ መጣ። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሙሉ ጭኖ ሲወጣ ነው የቆመው። ያንን ዳገት ታውቁታላችሁ፤ እግር ከነዳጅ ፔዳል አይነሳም። ለባለቤቱ «ጥፋቱ የናፍጣው ነው» ብለውታል። ቴስታታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ አወረድን። ሲሊንደር ውስጥ የሚመላለሰው ፒስተን አናቱ ላይ ተሰንጥቋል! ናፍጣው ምን አደረገ? ይህ ሞተር ሲሠራ ቱርቦ አልታሰበለትም። የመጨመቂያ ምጣኔው 22.4 ለ 1 ነው፤ ያለ ቱርቦም አየሩን አጥብቆ ይጨምቃል፣ ቱርቦ ሲጨመርበት ግፊቱና ሙቀቱ ይበዛበታል። ቶዮታ ራሱ ለ4.2 ሊትር ናፍጣ ቱርቦ ሲፈልግ ሌላ ሞተር ነው የሠራው፤ ዋን ኤች ዲ ቲ በተባለው ላይ ምጣኔውን ወደ 18.6 አወረደው። ፒስተን ከአሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል። ፒስተን የሚተርፈው ሙቀቱን በዙሪያው ባሉት ሪንጎችና በዘይት ስለሚያስወጣ ነው። ሰውዬው ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በዚያ መኪና ነበር።

«የቱርቦው ግፊት ትንሽ ከሆነ፣ ናፍጣው ከተለካ ሞተሩ ይችላል» የሚል አለ። ልክ ነው። ግን የጭስ ማውጫ ሙቀት መለኪያ የገጠመለት ማን ነው? እስቲ እጁን ያውጣ!

ቱርቦ ይታያል፤ ቢዬላ፣ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ አይታይም። የሚታየውን ሸጠን ስለማይታየው ዝም ካልን፣ ሜካኒክ ነን አንበል!

ቤንዚን ሞተር ለምታፈጥኑ ልጆችም ያው ነው። በደቂቃ ከ6,000 ወደ 8,000 ዙር ስትወስዱት ቢዬላውን የሚጎትተው ኃይል 1.8 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ያንን የሚሸከሙት በእያንዳንዱ ቢዬላ ላይ ያሉ ሁለት ብሎኖች ናቸው። አንዴ የተለጠጠ ብሎን መልሶ ማሰር ወንጀል ነው። ፎርጅድ፣ ማለትም ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ፒስተን ስትገጥሙ ከሲሊንደሩ ጋር ያለውን ክፍተት አምራቹ ባለው ልክ ስጡት፤ ሲሞቅ ይሰፋል። የሪንጉን ጫፎችም ለኩ፤ ቱርቦ ባለው ሞተር ውስጥ ከተገናኙ ፒስተኑን ይሰብሩታል።

ተመራቂዎች፣ ቱርቦ ለሚጠይቃችሁ ሰው መጀመሪያ የፒስተኑን፣ የቢዬላውንና የብሎኑን ዋጋ ንገሩት። «አልችልም» ካለ አትግጠሙለት። ሌላ ጋራዥ ይሄድ ይሆናል። ይሂድ።

አመሰግናለሁ።