መኪናው ጉዛራ ላይ ይቁም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ አስጎብኚዎችና ሾፌሮች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ከባሕር ዳር ጎንደር ያለውን መንገድ ስንቴ እንደተመላለስኩበት ቆጥሬው አላውቅም። ሁሌም ጥድፊያ ነው። «ፋሲል ግንብ ሳይዘጋ እንድረስ!» እንላለን። እንፍራዝ አካባቢ ኮረብታው ላይ ጉዛራ የሚባል አንድ አሮጌ ግንብ ይታያል። እናየዋለን፣ እናልፈዋለን።

አንድ ቀን እናቴን ይዤ ስመጣ «ልጄ፣ ያ ግንብ የማን ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። የጎንደር ልጅ ሆኜ! በጣም አፈርኩ። ዳር ይዤ አቆምኩ።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ትከሻዬን ተደግፋ አቀበቱን ወጣች። ላይ ስንደርስ ጣና ከፊታችን ተዘርግቷል። እሷ ግን መጀመሪያ የሄደችው ወደ ግድግዳው ነው። በመዳፏ ዳበሰችው። በድንጋዮቹ መሃል ያለውን ኖራ በጥፍሯ ነካ አደረገችና «ይሄማ የኛው ፋሲል ነው» አለች።

ዝምድናውን በእጇ አወቀችው። ታላቅየው ግን ጉዛራ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት ይነገራል። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። ልጅ አባቱን እንደሚመስል፣ እንቁላል ግንብ የምንለው የፋሲል ቤተ መንግሥታችንም ጉዛራን ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበው ቅርስ እኮ ፋሲል ግቢ ብቻ አይደለም። ቁስቋምም አለበት፣ ጎርጎራም አለበት፣ ጉዛራም አለበት። ታዲያ እንግዳው ከግቢው ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ለምን ይሄዳል? በደባርቅ መንገድ ወለቃ እዚሁ አፍንጫችን ስር ናት፤ ቤተ እስራኤሎች የኖሩባት፣ የሸክላ ሥራዋ የታወቀ መንደር።

ሾፌር ወንድሞቼ፣ ግማሽ ሰዓት ስጡት። አስጎብኚዎች፣ እንግዳው ሳይጠይቃችሁ ስሙን ንገሩት። ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ድንጋዩን በእጃቸው ይንኩት።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከፒያሳ ተነስተን ጉዛራ እንሄዳለን። አቀበቱ ያንሸራትታል፣ ደህና ጫማ አድርጉ። ውሃም ያዙ። እናቴ አብራን አለች፤ የፊት ወንበሩ የሷ ነው።