የሐረጎ ቁልቁለት ኮድ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ደሴ ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ጦሳ ጉም ለብሷል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲመታ ከሰማችሁ ይቅርታ፣ ሌላ ጸጥ ያለ ክፍል የለኝም።

ጓደኞቼና እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስለተጨቃጨቅንበት ነገር ላውራችሁ። የሠራናት ጌም አለች፣ የቆያችሁ አድማጮቼ ታውቋታላችሁ። ሚኒባስ ትይዛለህ፣ ከደሴ ትነሳለህ፣ ሐረጎን ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ትወርዳለህ። ጉም አለ፣ አህያ አለ፣ ከፊትህ የሚንፏቀቅ ሲኖትራክ አለ። ፍሬን አብዝተህ ከረገጥክ ይግላል፣ ከዚያ እምቢ ይልሃል። በማርሽ መያዝ አለብህ። እዚያ መንገድ ላይ የነዳ ሰው ይገባዋል።

ስንጀምር ሦስት ነበርን። አሁን ግን "ጌሟ የኛ የሦስታችን ናት" ማለት ያሳፍረኛል። አህዮቹን የሣለልን ሐይቅ የሚኖር ልጅ ነው። አንዷ ተጫዋች መስኪዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ከፎቶ አይታ ሠርታ ላከችልን። ሳንቲም የተከፈለው የለም። አንድ ቀን ታዲያ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንዱ ብቅ አለና "ኮዱን ለምን አትከፍቱትም?" አለ።

ለማታውቁት፣ ጌም የሚሠራው ሰው በጻፈው ኮድ ነው። ብዙ ጊዜ ያ ኮድ ሠሪዎቹ ጋ ተቆልፎ ይቀመጣል። ኦፕን ሶርስ ማለት ማንም እንዲያየው፣ እንዲቀይረው፣ መልሶ እንዲያሰራጨው ፈቅደህ መልቀቅ ነው።

ድንግጥ አልኩ። እውነቴን ነው። ወዲያው "አይሆንም፣ አጭበርባሪ ይበዛል" ብዬ ጻፍኩ።

አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ምክንያቱም ኮዱ ተቆልፎ እያለም ጉድ ሆነናል። ጎበዝ ተጫዋች ሐረጎን በስድስት ደቂቃ ገደማ ይወርዳል። አንድ ጠዋት ስነሳ ደረጃ ሰንጠረዡ አናት ላይ 11 ሰከንድ ተጽፏል። በ11 ሰከንድ! ድንጋይ ብትወረውር እንኳ በዚያ ፍጥነት ኮምቦልቻ አይደርስም። ጥፋቱ የኛ ነበር። ሰዓቱን የሚቆጥረው የተጫዋቹ ስልክ ነው፤ ቆጥሮ ለሰርቨሩ፣ ማለትም የሁሉንም ውጤት ለሚሰበስበው ኮምፒውተር ይልካል፣ ሰርቨሩ ደግሞ ያምናል። የዋህ ሰርቨር ነው ያለን። ስልኩ የሚልከውን ቁጥር ለመቀየር ኮዳችንን ማየት አያስፈልግም።

ግን ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። ክዌክ የሚባለውን የተኩስ ጌም የሠሩት ሰዎች በ1999 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኮዱን ሲከፍቱት፣ ኦንላይን የሚጫወቱት ላይ ማጭበርበር ቶሎ ነው የመጣው። ሰዎች የራሳቸውን የተቀየረ ጌም ይዘው መግባት ጀመሩ። ቀዳዳው ግን ድሮም ነበረ፤ መከፈቱ መንገዱን አሳጠረው እንጂ። ኬርክሆፍስ የሚባል ሰው በ1883 እ.ኤ.አ. ስለ ወታደራዊ የምስጢር አጻጻፍ ሲጽፍ፣ ዘዴህ ጠላት እጅ ቢገባም ቁልፉ እስካልገባ ድረስ ልትቸገር አይገባም ብሎ ነበር። እኛ ደግሞ ዘዴውን ደብቀን በሩን ክፍት ትተነዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰርቨሩ ጉዞውን ራሱ እንዲያጣራ ማድረግ አለብን። ይሄ ብንከፍትም ባንከፍትም የማይቀር ሥራ ነው።

እውነተኛው ፍርሃቴ ሌላ ነው። ኮዱ ያሳፍራል! ሌሊት ሌሊት የተጻፈ ነው። አንድ ቦታ ላይ በራሴ እጅ "ይህን አትንኩ፣ ለምን እንደሚሠራ አላውቅም" ብዬ ጽፌያለሁ። ይባስ ብሎ የዳታቤዙ ፓስወርድ እዚያው ኮዱ ውስጥ ነበር። አጥፍቼዋለሁ፣ ግን ጊት፣ የኮዱን ለውጦች የሚመዘግበው ፕሮግራም፣ የድሮውን ሁሉ ያስታውሳል፤ ወደ ኋላ ሄዶ የሚያይ ሰው ያገኘዋል። ፓስወርዱን ራሱን መቀየር ነው መፍትሔው። ትናንት ቀየርኩት። ምን ያህል ጊዜ ተጋልጦ እንደቆየ አትጠይቁኝ።

አሁን ሐሳቤን ወዳስቀየረኝ ነገር ልምጣ።

ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ብዙዎቻችን ቤታችንን ጥለን ወጣን። ኮዱ ያለበት ኮምፒውተር ቤቴ ነበር። ብርድ ልብስ አልብሼው ነው የሄድኩት፣ እንደ ልጅ። ስመለስ ብርድ ልብሱም የለም፣ ኮምፒውተሩም የለም። በዚያ ጊዜ ለኮምፒውተር ማልቀስ ነውር ነበር፣ ሰው ስንት አጥቶ። እኔም ዝም አልኩ። ጌሟ የተረፈችው ጓደኛዬ አዲስ አበባ ይዞት የሄደ ፍላሽ ላይ የአራት ወር አሮጌ ኮፒ ስለነበረ ነው። በነዚያ አራት ወራት ውስጥ አንድ ልጅ የሌሊቱን ጉዞ ሠርቶልን ነበር። የኮምቦልቻ መብራት ከላይ፣ ከመታጠፊያው ላይ ሲታይ... በጣም ያምር ነበር። ያ ጠፋ። ልጁም አገር ለቆ ሄደ። እንደገና የሠራው የለም።

ጓደኛዬ ይህን ስነግረው "ያ የባክአፕ ጉዳይ ነው እንጂ የኦፕን ሶርስ አይደለም" አለኝ። ልክ ነው፣ ባክአፕ፣ ማለትም ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ፣ ከሌባ ያድናል። ከኛ ግን አያድንም። ነገ አንዳችን እናገባለን፣ አንዳችን እንሄዳለን፣ አንዳችን ይሰለቸናል። ፍላሹ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ግሊች የሚባል የኦንላይን ጌም ነበረ፣ ስላክ የሚባለውን የሥራ ቦታ መልእክት መለዋወጫ የሠሩት ሰዎች ናቸው የሠሩት። በ2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተዘጋ። ሥዕሎቹን ለሕዝብ የለቀቁት ከተዘጋ ከዓመት ገደማ በኋላ ነው። ከዚያ ተነስተው ጌሙን መልሰው ለመገንባት የሞከሩ ተጫዋቾች አሉ። መልካም አደረጉ፣ ግን ከቀብር በኋላ ነው። እኔ ጌሟ በሕይወት እያለች ብንከፍታት እመርጣለሁ።

ጓደኛዬ አሁንም አልተዋጠለትም። "አንዱ ወስዶ ማስታወቂያ ሞልቶባት በራሱ ስም ቢለቃትስ?" ይላል። ሊሆን ይችላል። ኤጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ ሰውየው የቀየረውን ኮድ መልሶ እንዲያሳይ ያስገድደዋል፣ ሰርቨር ላይ ብቻ ቢያሠራው እንኳ። ማስታወቂያ እንዳያስገባ ግን አይከለክለውም። እኔም ቅኝት አነሳሁበት። ባቲ የማን ነው? አምባሰልስ? ማንም ይዘፍንበታል፣ ቅኝቱ አላለቀም። ሳቀና "ቅኝት በየወሩ የሰርቨር ክፍያ የለበትም" አለኝ። እዚህ ላይ አሸነፈኝ።

የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ኮዱ ይከፈት። የተጫዋቾቹ ስምና ስልክ በፍጹም አይነካም። ሥዕልና ድምፅ ደግሞ ባለቤቱ ሳይጠየቅ አይለቀቅ። ዱም የሚባለው የድሮ ጌም በ1997 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የወጣው ኮዱ ነው፤ ሥዕሉና ድምፁ አብሮ አልተለቀቀም። እስካሁን ሰው በየመሣሪያው ላይ እያስነሳው ይጫወተዋል።

ስለዚህ እየዞርኩ ፈቃድ መጠየቅ ጀመርኩ። የአህዮቹ ልጅ ወዲያው "ውሰዱት" አለ። የቀረኝ ረዳቱ ነበር። ጌሟ ስትነሳ "ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!" ብሎ ታሪፉን የሚጠራው እውነተኛ ረዳት ነው፣ መናኸሪያ ነው የቀዳነው። ዓርብ ዕለት ፈልጌ አገኘሁት። ስልኬን አውጥቼ አሰማሁት። ሁለት ጊዜ አሰማኝ አለ።

"ማንም ሊወስደው ይችላል ነው የምትለኝ?"

"ከፈቀድክ አዎ።"

ትንሽ አሰበ። "ጌም ውስጥ ይሁን። ማስታወቂያ ላይ ግን አልፈልግም። በኔ ድምፅ ሳሙና እንዳይሸጥ።"

እሺ፣ የሱ ድምፅ ከተከፈተው ውስጥ አይገባም፣ እኛ ጋ ብቻ ይቀራል አልኩት። ልሄድ ስል ጠራኝ።

"ቆይ፣ የጠራሁት ታሪፍ እኮ የድሮ ነው። ሰው ይስቅብኛል። እንደገና ቅዳኝ።"