በአንድ ማታ የሚያልቅ ታሪክ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ከባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ከእናቴ ቤት በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። ከኋላዬ የወፍ ድምፅ ትሰማላችሁ። መምሸቱ ነው፤ ወደ ጣና ዳር ዛፎች እየተመለሱ ነው።

ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር አንድ ነገር እያከራከረን ነው። አራት ሆነን ለዩቲዩብ የሚሆን ድራማ ልንሠራ ተነስተናል። አሥራ ሁለት ክፍል ነው። ታሪኩ ጣና ላይ ሰው እያመላለሰች በምትኖር አንዲት ጀልባ ዙሪያ ነው። ስክሪፕቱን የምጽፈው እኔ ነኝ። ክርክሩ ምን መሰላችሁ? ታሪኩ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት እየተያያዘ ይሂድ ወይስ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን ችሎ እዚያው ይጨረስ? ሦስቱ በአንድ ድምፅ «ካላንጠለጠልሽው ሰው አይመለስም» አሉኝ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ለምን እንደሆነ ዛሬ በደንብ ልናገረው ፈልጌያለሁ፤ እዚያ ስንጨቃጨቅ አልወጣልኝም።

ነገሩ ከእማዬ ይጀምራል። እማዬ ነርስ ነበረች፤ አሁን ጡረታ ወጥታለች። የነርስ ሥራ ተራ አለው። አንድ ሳምንት ቀን ትገባለች፣ በሚቀጥለው ማታ። እኔ ልጅ ሳለሁ ደግሞ አገሩ ሁሉ «ሰው ለሰው»ን የሚያይበት ጊዜ ነበር። ታስታውሳላችሁ አይደል? አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ እኛ ሰፈር እንደ አንድ ክፉ ጎረቤት ነበር የሚታማው። ቡና ላይ ስሙ ሲነሳ የሚያማትቡ ሴቶች ነበሩ።

እማዬ ግን ሁለት ክፍል አከታትላ አይታ አታውቅም። ማታ ተረኛ የሆነች ዕለት ጋውኗን አጥፋ በፌስታል ትይዛለች። ጫማዋን አድርጋ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ የሳሎኑ በር ላይ ቆማ ሦስት አራት ደቂቃ ታያለች። አትቀመጥም። ከተቀመጠች መነሳት ይከብዳታል። «ይቺ ደግሞ ማናት?» ትለናለች። «እማዬ ቆይ፣ ማስታወቂያ ሲገባ እንነግርሻለን» እንላታለን። ከዚያ ባጃጁ ውጭ ጡሩምባ ይነፋል። ትወጣለች። ጠዋት ስትመለስ «እና ልጅቷ ምን ሆነች?» ብላ ትጠይቃለች። እኛ ደግሞ ለትምህርት ቤት እየተጣደፍን ነው። አንዳችን ግማሹን እንነግራታለን፣ ሌላችን «ኧረ እንደሱ አይደለም» እንላለን። ቀስ በቀስ መጠየቅ ተወች። ያኔ አላስተዋልኩትም። አሁን ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

«ቤቶች» ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። «ቤቶች» የቤተሰብ ኮሜዲ ነው። በየሳምንቱ አንድ ችግር ይነሳል፣ እዚያው ይፈታል። ሰዎቹን ካወቃችኋቸው በቃ፣ ሌላ ምንም ማወቅ አያስፈልጋችሁም። እማዬ ተራዋ በሆነ ሳምንት አታይም፣ ባልሆነ ሳምንት ታያለች። አንድም ቀን «ይሄ ማነው?» አላለችም። ከእኛ እኩል፣ እኛ በምንስቅበት ሰዓት ትስቃለች። ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ሶፋው ላይ አጥፋ።

ለእኔ ልዩነቱ ያ ነው። ተከታታይ ድራማ ጊዜው በእጁ የሆነ ተመልካች ይፈልጋል። ነርስ፣ ዘበኛ፣ የሌሊት ሾፌር፣ ማታ ማታ ሱቅ የምትጠብቅ ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ በር ላይ ቆመው ነው የሚያዩት። በየክፍሉ የሚያልቅ ታሪክ ግን ዘግይቶ ለመጣ ሰውም ወንበር አለው። መሶቡ ገና ቀርቦ ነው የሚደርሰው።

«አሁን እኮ ዩቲዩብ አለ፤ ያመለጠሽን ታያለሽ» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ያመለጠ ክፍል ሲጠራቀም ዕዳ ይሆናል። ሰማንያ ክፍል ወደኋላ የቀረ ሰው ሰማንያውን ለማየት ፓኬጅም ጊዜም ያስፈልገዋል። ብዙው ሰው ደክሞት ይተወዋል። ታሪኩን ጠልቶት ግን አይደለም።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። በየክፍሉ የሚያልቅ ታሪክ አሜሪካ ውስጥ ለረጅም ዘመን የነገሠው ለተመልካች ታስቦ ብቻ አይደለም። ንግድ ነበር። አንድ ድራማ መቶ ክፍል ገደማ ሲሞላ ለየከተማው ጣቢያ ይሸጥ ነበር። ጣቢያዎቹ በየቀኑ ደጋግመው ያሳዩታል። ቅደም ተከተል የማይጠይቅ ታሪክ ደግሞ ለዚህ ይመቻል፤ የትኛውም ክፍል በየትኛውም ቀን ቢገባ ችግር የለም። ማንጠልጠሉም ንግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 «ዳላስ» የሚባለው ድራማ ዋናውን ሰውዬ በመጋቢት አስተኩሶበት፣ ማን እንደተኮሰ የነገረው በኅዳር ነው። ስምንት ወር! ያን ማታ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከሰማንያ ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ኔትፍሊክስ «ሃውስ ኦፍ ካርድስ»ን አሥራ ሦስቱንም ክፍል በአንድ ቀን ለቀቀ። ያን ጊዜ አንድ ሳምንት መጠበቅ ቀረና ሌሊቱን ሙሉ ማየት መጣ።

እኛ አገር ቃና በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን ይዞ ገባ። የቱርኮቹን ታውቋቸዋላችሁ። አገራቸው ላይ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ በሳምንት አንዴ ይታያል። ውጭ አገር ሲሸጥ ይቆራረጣል። እኛ ጋ «ይቀጥላል» የሚለው ብዙ ጊዜ ደራሲው ያላሰበው ቦታ ላይ የሚመጣው ለዚህ ነው። እሱን እያየ ያደገ የእኛ ጸሐፊ ደግሞ ያን አቆራረጥ እንደ ሙያ ወሰደው። በር ይንኳኳል፣ ልጅቷ ትዞራለች፣ ፊቷ ላይ ካሜራው ይጠጋል፣ ሙዚቃ። በሚቀጥለው ሳምንት በሩ ሲከፈት የመጣችው ጎረቤት ናት፣ ጨው ልትበደር። ይሄ ያናድደኛል። ተመልካችን ሳምንት ሙሉ አስጠብቆ ባዶ እጁን መስደድ ነው።

በአንድ ማታ መጨረስ ግን መደበቂያ የለውም። በሃያ አምስት ደቂቃ ሰው ታስተዋውቃለህ፣ ችግሩን ታመጣለህ፣ ትፈታዋለህ። ካልተፈታ ሁሉም ያይሃል። አሜሪካኖች «ኮሎምቦ» የሚባል የመርማሪ ድራማ ነበራቸው፤ መደበኛ ሆኖ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። እዚያ ላይ ገዳዩን ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ታዩታላችሁ። የሚደበቅ የለም። የምትጠብቁት ያ የተጨማደደ ካፖርት የለበሰ መርማሪ እንዴት እንደሚደርስበት ነው። እና ያው ማታ ይደርስበታል።

ለነገሩ ሩቅ ምን አስኬደኝ? አለቃ ገብረ ሃና የጣና ዳር ሰው አይደሉም እንዴ? ፎገራ፣ ናባጋ ጊዮርጊስ ነው የተወለዱት። ስንቱን ጨዋታቸውን ሰምተናል! ማንም ሰው ከመጀመሪያው አልጀመረም። ከየትም ብትጀምሩ ምንም አይጎድልባችሁም። ሰውየው ግን አንድ ናቸው። አሥሩን ከሰማችሁ በኋላ አሥራ አንደኛው ሲጀመር አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ፈገግ ትላላችሁ። በየክፍሉ የሚያልቅ ታሪክ ሰውን የሚያሳውቀን እንደዚህ ነው፤ እንደ ጎረቤት፣ በመመላለስ።

ለተከታታዩም ግን ልሟገትለት ይገባል። እኔን ራሴን ያሳደገኝ እሱም ነው። «የቀን ቅኝት» የሚባለው የሬዲዮ ድራማ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. 257 ክፍል ተላለፈ። ስለ ኤችአይቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ነበር። ያን ታሪክ በአንድ ማታ መጨረስ አይቻልም። ሰው ፈርቶ፣ አመንትቶ፣ ተደብቆ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው ሊመረመር የሚሄደው። አድማጩም አብሮ ያን ያህል መቆየት ነበረበት። ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ንም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው የጎጃም ሰው የራሱን አገር ታሪክ በየሳምንቱ ቁራጭ እየጠበቀ ነው የሰማው። አያቴ ከዚያ የሬዲዮ ሰዓት በፊት ከብቶቹን አስገብቶ ይጨርስ እንደነበር እማዬ ትነግረኛለች። እንዲህ ያለውን መጠበቅ አልጠላም። እወደዋለሁ።

ታዲያ የቱ ነው የሚሻለው? ለዚህ መልስ የሰጠችኝ እማዬ ናት፤ መልስ እየሰጠችኝ እንደሆነ ሳታውቅ።

በቅርቡ፣ ጡረታዋን ከወጣች በኋላ፣ ዘጌ ይዣት ሄድኩ። በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ክብራን ገብርኤልን ከሩቁ ተሳልመን አለፍን፤ ሴት አይገባበትም። ዘጌ ወርደን፣ በቡናው መሃል አቀበቱን ይዘን፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ደረስን። ጫማችንን አውልቀን ገባን። የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ ሥዕል ነው። ያሉት አባት ረጅም ዘንግ ይዘው እየጠቆሙ ማስረዳት ጀመሩ። እማዬ ቀደመቻቸው። አንዱን አየት አድርጋ ታሪኩን ትናገራለች፣ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ከግራ አልጀመረችም፣ ከላይ አልጀመረችም። ዓይኗ ካረፈበት።

በላዔ ሰብእ ጋ ስትደርስ ቆመች። ታውቁታላችሁ። 78 ሰው የበላ ነው። መንገድ ላይ አንድ ለምጻም ውሃ ጠምቶት ይለምነዋል። እምቢ ይለዋል። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። ሲሞት ነፍሱ ሚዛን ላይ ትቀርባለች። በአንድ በኩል 78 ነፍስ፣ በሌላ በኩል ጥርኝ ውሃ። የእመቤታችን ጥላ ያርፍበትና ውሃው ይመዝናል። አለቀ። የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜና ነፍሱ፣ በር በምታህል ግድግዳ ላይ። እማዬ ይሄን ታሪክ በየት ጊዜዋ ነው ያወቀችው? እሁድ ከሥራ ተራዋ ስትወጣ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን እየሄደች ነዋ። ተአምረ ማርያም ሲነበብ የዚያን ቀኑ ተአምር በዚያው ቀን ያልቃል። ያለፈው እሁድ ስላልመጣች የሚጎድልባት የለም።

ስንመለስ ጀልባው ላይ ይሄን አልኳት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ጓደኞቼን የምረታበት ነገር ያገኘሁ መሰለኝ። እማዬ ነጠላዋን ከነፋሱ እየሰበሰበች ሰማችኝና፣ «ግብረ ሕማማትስ?» አለችኝ።

«እሱ ምን?»

«እሱ ከሰኞ ጀምሮ እስከ ዓርብ ነው የሚነበበው፣ በየሰዓቱ። ዓርብን ከሰኞ አታስቀድሚውም። እኔ በዓመት አንዴ ፈቃድ የምጠይቀው ለዚያ ሳምንት ነበር፤ አታስታውሽም?»

አስታወስኩ። ለገና አትጠይቅም ነበር። ለሰሙነ ሕማማት ግን ከወራት በፊት ከባልደረቦቿ ጋር ተራ ትቀያየራለች፤ የእነሱን ሌሊት ትገባላቸዋለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስክሪፕቱ ላይ ስቀመጥ የማስበው ይሄን ነው። የምጽፈው ታሪክ አንዲት ነርስ ተራ ቀይራ፣ የሰው ሌሊት ገብታ ልትከታተለው የሚገባ ነው? ከሆነ ላያይዘው። ካልሆነ ግን በር ላይ ላቆማት አይገባም። ያለችኝን ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ አድርጌ ሰጥቼ፣ ልጨርስላት። የእኛ የጀልባ ታሪክ ያን ያህል አይደለም። ትንንሽ ታሪክ ነው። አንድ ቀን ሽማግሌ ይሳፈራል፣ አንድ ቀን ሙሽራ፣ አንድ ቀን ማዕበል ይነሳል። ጀልባዋና ጀልባ ነጂው ይቀጥላሉ፤ የተሳፈረው ሁሉ ያው ቀን ይወርዳል። ለጓደኞቼ እንደዚህ ብዬ ነገርኳቸው። አንዱ ተስማማ። ሁለቱ «እስቲ ክፍል አንድን ጽፈሽ አሳይን» አሉኝ።

ጻፍኩት። ከትናንት ወዲያ ማታ፣ እዚሁ በረንዳ ላይ፣ እማዬ ቡና እያፈላች አነበብኩላት። አቦሉን ስትቀዳ ጀመርኩ፣ በረካው ሳይደርስ ጨረስኩ። ሽማግሌው ልጁን ሊያይ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የሚሄድበት ነው። አለቀሰችም፣ ሳቀችም። ደስ አለኝ።

ሲኒዎቹን እየሰበሰበች፣ «መጀመሪያ ላይ ዶሮ ይዛ የተሳፈረችው ሴትዮ ግን የት ወረደች?» አለችኝ።

ገጾቹን ገለጥኩ። ሽማግሌው ወርዷል። ተማሪዎቹ ወርደዋል። ሴትዮዋ የለችም፤ ከገጽ አራት በኋላ ረስቻታለሁ። አሁን ቀረጻውን ስጨርስ ወደ እሷ ነው የምመለሰው።

ደህና እደሩ።